አርማው ሲተልቅ ፊደሉ እንዳይበላሽ፦ በቬክተርና በቢትማፕ መካከል እንዴት እንምረጥ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የቡና ቤት ባለቤት ለአዲሱ ቅርንጫፋቸው 3 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ባነር እንዳዘጋጅላቸው ጠየቁኝና አርማቸውን በቴሌግራም ላኩልኝ። የደረሰኝ ምስል ወርዱ 400 ፒክሰል፣ ማለትም 400 ጥቃቅን የቀለም ነጥቦች ብቻ ነበር። ይኸው ምስል ቀደም ሲል በቢዝነስ ካርዳቸው ላይ በ3 ሴንቲ ሜትር ወርድ ታትሞ ምንም እንከን አልታየበትም፤ ስለዚህ ለባነር የማይበቃበትን ምክንያት ባስረዳም ነገሩ አሳማኝ አልመሰላቸውም፤ የምረቃው ቀንም ደርሶ ስለነበር ምስሉ እንዳለ ተለጥጦ የባነሩን ሙሉ ወርድ እንዲሸፍን ተደረገ። ባነሩ ሲሰቀል የአርማው ጠርዝ እንደ ደረጃ ተሰባብሮ፣ በፊደላቱ ዙሪያ ግራጫ ብናኝ ተበትኖ ታየ። ከሁሉ የከፋው ግን «ቡና ቤት» በሚለው ጽሑፍ ላይ የ«ቤ» ቀለበት ተደፍኖ፣ ደጁ ላይ ቆሞ ለሚያነብ ሰው «ቡና ቢት» የሚል ሆኖ መገኘቱ ነበር።

የደረሰው ነገር አስቀድሞ በስሌት ሊታወቅ ይችል ነበር። 3,000 ሚሊ ሜትር ለ400 ሲካፈል እያንዳንዱ ፒክሰል ጎኑ 7.5 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ የትንሽ ጣት ጥፍር የሚያህል አራት ማዕዘን ይሆናል። በካርዱ ላይ ግን ያው 400 ፒክሰል በ3 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ሲታጨቅ በአንድ ኢንች ወደ 339 ፒክሰል ስለሚደርስ ለኅትመት ከሚጠየቀው 300 እንኳ ይበልጣል። የ«ቤ» ቀለበት በካርዱም ላይ የተደፈነ ነበር፤ ያን ያህል ትንሽ ሆኖ ሲታተም ዓይን ስለማይለየው ብቻ ነው ማንም ሳያስተውለው የቀረው።

ከዚያ ወዲህ የምከተለውና እዚህ በዝርዝር የማስረዳው አሠራር አንድ ነው። አርማና ጽሑፍ በቬክተር፣ ማለትም በመስመርና በቅርጽ ትእዛዝ ይሠራሉ፣ በቬክተርም ይቀመጣሉ፤ በፒክሰሎች የተሠራው ቢትማፕ ደግሞ ከዚያ ምንጭ ለየአገልግሎቱ የሚወጣ ቅጂ ይሆናል እንጂ ራሱ ምንጭ አይሆንም። ፎቶግራፍ ግን ከካሜራው ሲወጣ ጀምሮ ቢትማፕ ስለሆነ በሌላ ሕግ ይተዳደራል።

ችካልና ገመድ፣ ድርና ማግ

ክብ ጎጆ ሲሠራ በመሬቱ መካከል ችካል ይተከላል፤ በችካሉ ላይ ገመድ ይታሰርና ገመዱ ተወጥሮ ዙሪያው ይሰመራል። የቤቱን ክብነት የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፤ ችካሉ የቆመበት ቦታና የገመዱ ርዝመት። ቤቱ እንዲሰፋ የፈለገ ሰው ገመዱን ያስረዝማል እንጂ የተሰመረውን ክብ አይጎትትም፤ ክቡም የቱንም ያህል ቢተልቅ ክብነቱ አይጓደልም። ቬክተር ምስልም እንዲሁ ነው። በፋይሉ ውስጥ የተጻፈው የቀለም ነጥቦች ዝርዝር ሳይሆን «ማዕከሉ እዚህ ይሁን፣ ገመዱ ይህን ያህል ይርዘም፣ ውስጡ ቡናማ ይቀባ» የሚል ትእዛዝ ነው፤ ኮምፒውተሩም ምስሉን ባሳየ ወይም ባተመ ቁጥር ትእዛዙን ለተፈለገው መጠን እንደ አዲስ ያሰላዋል።

ጥበብ የሚጥል ሸማኔ ግን ድሩን እየቆጠረ፣ በስንተኛው ክር ላይ የትኛው ቀለም እንደሚገባ እያሰበ ነው የሚሠራው። የጥበቡ ቅርጽ ከክሮቹ ቁጥር የተለየ ሕልውና የለውም፤ ሸማው ከተቆረጠ በኋላ ጥበቡን በእጥፍ ላስፋው የሚል ሰው ቢኖር ማድረግ የሚችለው እያንዳንዱን ክር በሐሳቡ ማወፈር እንጂ ያልተጣለ ዝርዝር መጨመር አይደለም። ቢትማፕ እንዲህ ያለ ሽመና ነው። እያንዳንዱ ፒክሰል ቦታና ቀለም አለው፤ በተለመደው አሠራር ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ለእያንዳንዳቸው አንድ ባይት ተመድቦ ከ16.7 ሚሊዮን ቀለማት አንዱን ይይዛል። ምስሉ የ«ቤ»ን ቀለበት እንደ ቀለበት አያውቀውም፤ የሚያውቀው ጥቂት ጥቁርና ጥቂት ነጭ ፒክሰሎች ጎን ለጎን መኖራቸውን ብቻ ነው።

ክብና ቀጥታ መስመር ያልሆኑ ቅርጾች፣ ለምሳሌ የጀበና አንገት፣ የቡና ቅጠል ወይም የፊደል እግር፣ በቬክተር ፕሮግራሞች የሚሰመሩት ቤዚዬ በተባለው ኩርባ ነው። እያንዳንዱ የኩርባ ቁራጭ አራት ነጥቦች አሉት፤ ሁለቱ መነሻውና መድረሻው ሲሆኑ ሌሎቹ ሁለቱ መስመሩ ወዴት እንደሚጎብጥ የሚመሩ እጀታዎች ናቸው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በሬኖ የመኪና ፋብሪካ ይሠራ ከነበረው መሐንዲስ ከፒየር ቤዚዬ ነው፤ በሲትሮየን ይሠራ የነበረው ፖል ደ ካስተልዦ ግን በ1959 ወደዚያው ስሌት ደርሶ ነበር፣ ድርጅቱ ሥራውን በምስጢር ስለያዘው ነው ስሙ ያልወጣለት። ለመኪና ገላ የተፈጠረው ኩርባ ዛሬ በስልካችን የምናነባቸውን ፊደላት ሁሉ ይስላል፤ በኮምፒውተራችን ውስጥ ያሉት የዘመኑ ፎንቶች ቬክተር ቅርጾች ናቸውና።

ከመጀመርዎ በፊት ፒክሰሉን ያስሉ

ቢትማፕ መጠቀም ግድ በሚሆንበት ቦታ ሁሉ የመጀመሪያው ሥራ ማስላት ነው። የሚታተመውን ወርድ በሚሊ ሜትር ይውሰዱና ለ25.4 ያካፍሉት፤ የሚያገኙት በኢንች ነው። ይህንን በአንድ ኢንች በሚፈለገው የፒክሰል ብዛት ሲያባዙ ምስሉ ሊኖረው የሚገባው ወርድ ይወጣል። 210 በ297 ሚሊ ሜትር የሆነው ኤ4 ወረቀት በ300 ሲሰላ 2,480 በ3,508 ፒክሰል፣ ማለትም ከ8.6 ሚሊዮን በላይ ፒክሰል ይፈልጋል፤ ሳይጨመቅ ሲቀመጥ ወደ 26 ሜጋባይት ይጠጋል። የመጀመሪያውን ባነር በዚሁ በ300 ስሌት ላዘጋጅ ያለ ሰው 35,433 በ11,811 ፒክሰል፣ ከ418 ሚሊዮን በላይ ፒክሰል የሆነና ያለ ጭመቃ ከ1.2 ጊጋባይት የሚበልጥ ምስል ይገጥመዋል፤ ብዙዎቻችን የምንሠራበት ኮምፒውተር እዚያ ላይ ይንበረከካል።

እርግጥ ባነር 300 አያስፈልገውም። ጤናማ ዓይን ሁለት ነጥቦችን ለይቶ የሚያየው በመካከላቸው ያለው አንግል የአንድ ዲግሪ 60ኛ እጅ ሲያህል ነው፤ ይህም በ1 ሜትር ርቀት ወደ 0.3 ሚሊ ሜትር፣ በ10 ሜትር ርቀት ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በዚህ መለኪያ 12 ሜጋፒክሰል በሆነ የስልክ ካሜራ የተነሣ፣ 4,000 ፒክሰል ወርድ ያለው ፎቶ በ3 ሜትር ባነር ላይ ሲዘረጋ እያንዳንዱ ፒክሰል 0.75 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን ከ3 ሜትር ወዲያ ለሚቆም ሰው አይታይም። በመግቢያው ያነሣሁት አርማ ፒክሰሉ 7.5 ሚሊ ሜትር ስለነበር ግን ከ20 ሜትር ርቀትም በላይ ይለያል። ስለዚህ «ፎቶው ባነሩ ላይ ጥሩ ሆኖ ሳለ አርማው ለምን ተበላሸ» ለሚል ደንበኛ መልሱ ይኸው የቁጥር ልዩነት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ፎቶሾፕ ውስጥ ገብቶ በአንድ ኢንች 72 ፒክሰል የሚለውን ቁጥር 300 ብሎ መለወጥ ምስሉን አያሻሽለውም። ፒክሰሎቹ በቁጥር ካልጨመሩ የሚለወጠው የኅትመቱ መጠን ብቻ ነው፤ ከጨመሩ ደግሞ የተጨመሩት በጎረቤቶቻቸው ቀለም ላይ ተመሥርተው የተገመቱ ናቸው። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያጎሉ ፕሮግራሞችም የጎደለውን ይገምታሉ እንጂ አያውቁትም፤ የዛፍ ቅጠል ሲገመት ጉዳት የለውም፣ ፊደል ሲገመት ግን ሌላ ቃል ሊወጣ ይችላል።

የግእዝ ፊደል ለምን የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል

በላቲን ጽሑፍ ላይ ፊደሉ ትንሽ ቢደበዝዝ አንባቢው አጠቃላይ ቅርጹን አይቶ ያልፈዋል። የእኛ ፊደል ግን የአናባቢውን ድምፅ የሚያስቀምጠው ከዋናው አካል በሚወጣ ትንሽ ምልክት ላይ ነው። ካዕቡ «ቡ» እጁን ከወገቡ ይዘረጋል፤ ሣልሱ «ቢ» ከእግሩ ሥር አግድም ሰረዝ ያወጣል፤ ኃምሱ «ቤ» በዚያው ቦታ ቀለበት ያስራል። በሣልስና በኃምስ መካከል ያለው ልዩነት ሁሉ ያቺ የቀለበት ቀዳዳ ናት። የፊደሉ ቁመት 20 ፒክሰል በሆነ ምስል ላይ ቀለበቱ ከነውፍረቱ ከአራትና ከአምስት ፒክሰል አይበልጥም፤ ቀዳዳው አንድ ፒክሰል ቢደርሰው ነው። ምስሉ ትንሽ ሲጨመቅ ያቺ አንድ ፒክሰል ግራጫ ትሆናለች፣ ሲደገም ትጠቁራለች፤ ቃሉም ተለወጠ ማለት ነው።

በዚህ ምክንያት የአማርኛ ጽሑፍ ያለበትን ማንኛውንም የኅትመት ሥራ፣ ካርድም ይሁን የሠርግ መጥሪያ፣ በፎቶሾፕ ሠርቶ በጄፒጂ ማስቀመጥ ትክክል አይደለም ብዬ አምናለሁ። ልማዱ ሰፊ መሆኑን አውቃለሁ፤ ፎቶሾፕን ቀድመን ስለምንማር ሁሉንም ነገር በእርሱ መሥራት ይቀናናል። ፕሮግራሙ ግን ለፎቶ የተሠራ ነው። ካርዱን በኢሉስትሬተር፣ በኮረልድሮው ወይም ያለ ክፍያ በሚገኘው ኢንክስኬፕ ሠርቶ ፎቶ ካለው ፎቶውን ብቻ በፎቶሾፕ ወይም በጊምፕ አስተካክሎ ማስገባት የሥራውን ጊዜ አያራዝምም፤ በፊደሉ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ግን ወዲያው ይታያል።

ምስሉ የሚሄድበትን ቦታ አስቀድመው ይወስኑ

የፋይል ዓይነት ምርጫ የሚጀምረው ከፕሮግራሙ ሳይሆን ምስሉ ከሚያርፍበት ቦታ ነው። አንዳንድ ማሽኖች ከቬክተር በቀር ሌላ አይረዱም። ስቲከር የሚቆርጠው ማሽን ቢላዋውን በመስመር ላይ ነው የሚነዳው፤ ፒክሰል ለእርሱ መንገድ ስላልሆነ ጄፒጂ ቢሰጡት ባለሙያው መጀመሪያ መስመሩን በእጁ እንደገና መሳል ይኖርበታል፣ ዋጋውንም ይጨምራል፣ ስሕተትም ያስገባል። ማኅተምም ጥርት ያለ ጠርዝ ያለው ባለ አንድ ቀለም ቬክተር ሲሰጠው ነው ቀጫጭኑ የዙሪያ ጽሑፍ የሚነበበው። ቲሸርት በስክሪን፣ ማለትም ቀለም በሚያሳልፍ ወንፊት መሰል ጨርቅ ሲታተም ለእያንዳንዱ ቀለም የየራሱ ስክሪን ይዘጋጃል፤ አርማው ቬክተር ከሆነ ቀለማቱን መለየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፣ ቢትማፕ ከሆነ ግን በጠርዙ ላይ ያሉት በመቶ የሚቆጠሩ የቀለም ድርብርቦች የትኛው ስክሪን ላይ ይውደቁ የሚል ጭንቀት ይፈጥራሉ።

ማተሚያ ቤት ለሚሄድ ካርድ፣ በራሪ ወረቀትና መጽሔት ፒዲኤፍ ይስጡ። ፒዲኤፍ ቬክተሩን በቬክተርነቱ፣ ፎቶውን በቢትማፕነቱ አብሮ መያዝ ስለሚችል ለተደባለቀ ሥራ ከእርሱ የተሻለ የለም። ለምሳሌ የቡና ቤቱ ፖስተር የጀበና ፎቶ፣ አርማና የዋጋ ዝርዝር ቢኖረው፣ ፎቶው በሚታተምበት መጠን በኢንች 300 ፒክሰል እንዲኖረው ተደርጎ ይገባል፤ አርማው ከቬክተር ምንጩ ይቀዳል፤ ዋጋው በዚያው በቬክተር ፕሮግራሙ ይጻፋል። ከዚያ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ብሊድ፣ ማለትም ወረቀቱ ሲቆረጥ ነጭ ጠርዝ እንዳይቀር ከመቁረጫው መስመር ውጭ የሚተው ትርፍ ተጨምሮ ፒዲኤፍ ይወጣል። ቀለሙ በማተሚያው አራት ቀለማት፣ ማለትም በሲያን፣ በማጀንታ፣ በቢጫና በጥቁር መዘጋጀት ካለበት ደግሞ ፒኤንጂ የተባለው የቢትማፕ ፋይል ይህን የቀለም ሥርዓት ጨርሶ እንደማይዝ ይወቁ፤ ፎቶውን ቲፍ ወይም ጄፒጂ በተባሉት የቢትማፕ ፋይሎች ያስቀምጡት።

ለድረ ገጽ አርማውን ኤስቪጂ በተባለው የቬክተር ፋይል ይስቀሉት። በኤስቪጂ የተጻፈ ክብ ከአንድ መስመር ጽሑፍ አይበልጥም፤ በጥንቃቄ የተሠራ ቀላል አርማም አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ኪሎባይት አያልፍም፣ በትንሽ ስልክም በትልቅ ስክሪንም ጥርት ብሎ ይታያል፤ ለዳታ ከኪሱ ለሚከፍል ተጠቃሚም እያንዳንዱ ኪሎባይት ዋጋ አለው። ፎቶዎቹን ግን በጄፒጂ ወይም በዌብፒ ያድርጓቸው፤ የጥራት መጠኑ 80 አካባቢ ሲሆን አብዛኛው ሰው ልዩነቱን አያስተውልም። ቴሌግራምና ፌስቡክ ኤስቪጂን እንደ ፎቶ ስለማይቀበሉ ለእነርሱ ከቬክተሩ ምንጭ በሚፈለገው መጠን፣ ለምሳሌ 1,080 በ1,080 ፒክሰል፣ ፒኤንጂ ያውጡ። ሌላ መጠን ሲያስፈልግ ያንኑ ፒኤንጂ አያሳንሱት፣ አያሳድጉትም፤ ወደ ምንጩ ተመልሰው ሌላ ያውጡ።

የየፋይሉ ጠባይ

ጄፒጂ እ.ኤ.አ. በ1992 የጸደቀ የፎቶግራፍ መጭመቂያ ነው። ምስሉን ጎናቸው 8 ፒክሰል ወደሆነ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ከፋፍሎ በእያንዳንዱ ውስጥ ዓይን ብዙም የማይለየውን ዝርዝር ይጥላል። የሰው ፊት፣ ሰማይና ተራራ በቀስታ ስለሚለዋወጡ የተጣለው አይታወቅም። ጥቁር ፊደል በነጭ ወረቀት ላይ ሲሆን ግን ለውጡ ድንገተኛ ስለሆነ ጭመቃው በጠርዙ ዙሪያ ብናኝ ይረጫል፤ ባነሩ ላይ የታየው ግራጫ ብናኝ ይኸው ነው። አንድን ጄፒጂ ከፍቶ አስተካክሎ እንደገና በጄፒጂ ማስቀመጥ በየጊዜው ጥቂት ይቀንሰዋል፤ የሚታረም ፎቶ በፕሮግራሙ የራሱ ፋይል ወይም በቲፍ ተቀምጦ ጄፒጂው በመጨረሻ ብቻ መውጣት አለበት።

ፒኤንጂ በ1996 የወጣ ሲሆን ምንም ሳይጥል ይጨምቃል፤ ዳራውንም ግልጽ አድርጎ መያዝ ይችላል። ሰዎች አርማ በፒኤንጂ ሲቀበሉ ዳራው ስለሌለ ብቻ ቬክተር ይመስላቸዋል፤ አይደለም፤ የፒክሰሉ ቁጥር ውስን ነው፣ ሲለጠጥም ያው ይሰባበራል። ከፒኤንጂ በፊት የነበረው ጊፍ ከ256 ቀለም በላይ ስለማይዝ ዛሬ ከአጫጭር ተንቀሳቃሽ ምስሎች በቀር የሚመረጥበት ምክንያት የለም።

ከቬክተሮቹ መካከል ኤስቪጂ በ2001 የድረ ገጽ መመዘኛ የሆነና በተራ ጽሑፍ የተጻፈ ፋይል ነው፤ በኖትፓድ ቢከፍቱት ውስጡን ማንበብ ይቻላል። ኢፒኤስ የቀድሞው የማተሚያ ቤቶች ቋንቋ ነው፤ አሁንም የሚጠይቁት አሉ፣ ነገር ግን ግልጽነት ያለውን ቀለም እንደነበረ ስለማይዝ ምርጫው የእኔ ከሆነ ፒዲኤፍን አስቀድማለሁ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ጄፒጂን ኢሉስትሬተር ውስጥ አስገብቶ ኢፒኤስ ወይም ፒዲኤፍ ብሎ ማስቀመጥ፣ ወይም የፋይሉን ቅጥያ መለወጥ፣ ምስሉን ቬክተር አያደርገውም፤ ሸማውን በአዲስ ሻንጣ መክተት ነው። «ቬክተሩን ልኬልዎታለሁ» ተብሎ ፋይል ሲደርስዎ ሳይመረምሩ ሥራ አይጀምሩ። ፋይሉን ይክፈቱና በጣም ያጉሉት፤ የፊደሉ ጠርዝ የቱንም ያህል ቢጎላ ጥርት ብሎ ከቀጠለ ቬክተር ነው፣ ጥርስ ካወጣ ቢትማፕ ነው። በኢሉስትሬተር ኮንትሮልንና ዋይን በመጫን መስመር ብቻ የሚያሳየውን እይታ ቢከፍቱ ደግሞ እውነተኛ ቬክተር ቅርጹን በቀጭን መስመር ይገልጣል፤ የተከተተ ቢትማፕ ግን ባዶ ሳጥን ሆኖ ይታያል።

በእጅዎ ያለው ቢትማፕ ብቻ ከሆነ

በመጀመሪያ ምንጩን ይፈልጉ። አርማውን የሠራው ባለሙያ ባይገኝ እንኳ የድርጅቱን የቆዩ ፒዲኤፎች፣ ለምሳሌ ባለ አርማ ደብዳቤ፣ ዓመታዊ ሪፖርት ወይም የጨረታ ሰነድ ጠይቀው በኢሉስትሬተር ወይም በኢንክስኬፕ ይክፈቷቸው። አርማው በውስጣቸው በቬክተርነት ተቀምጦ ያገኘሁባቸው ጊዜያት ብዙ ናቸው፤ ሁለት ቀን ሊፈጅ የነበረ ሥራ በአሥር ደቂቃ አልቋል።

ካልተገኘ እንደገና መሳል ነው። ኢንክስኬፕ «ትሬስ ቢትማፕ»፣ ኢሉስትሬተር «ኢሜጅ ትሬስ» የሚሉት መሣሪያ የፒክሰሎቹን ድንበር ተከትሎ በራሱ መስመር ያወጣል። ምስሉ ትልቅ፣ ባለ አንድ ቀለምና ጥርት ያለ ከሆነ፣ ለምሳሌ በስካነር በአንድ ኢንች በ600 ፒክሰል የተነሣ የእጅ ፊርማ ወይም የቀለም ንድፍ፣ ውጤቱ ያስደስታል። ለ400 ፒክሰል አርማ ግን አይሆንም፤ መሣሪያው የሚከተለው የሚያየውን ጠርዝ ስለሆነ ስብራቱንና የተደፈነውን ቀለበት ጭምር በታማኝነት ወደ ቬክተር ይለውጠዋል፣ ክቡ ድንች ይመስላል፣ አንድ ፊደል በመቶ ነጥቦች ይታጠራል።

በእጅ ሲስሉ ምስሉን በታችኛው ሌየር (ንብርብር) ላይ አድርገው ያደብዝዙትና ይቆልፉት። ክብ የሆነውን በክብ መሣሪያ፣ ቀጥታውን በቀጥታ መስመር ይሥሩ፤ ምስሉ ላይ ያለው ክብ ትንሽ ጎርበጥ ቢል የዋናው ሠሪ ሐሳብ ክብ እንደነበር አስበው ክብ ያድርጉት። ግራና ቀኙ ተመሳሳይ ከሆነ ግማሹን ብቻ ስለው በመስታወት ይገልብጡት። በፔን መሣሪያ ኩርባ ሲያወጡ ነጥቦችን በቅርጹ ጫፎች ላይ፣ ማለትም ከላይና ከታች፣ ከግራና ከቀኝ እጅግ በወጣበት ቦታ ላይ ያስቀምጡ፤ እጀታዎቹንም ሺፍትን ይዘው ወይ አግድም ወይ ቀጥ ብለው ይጎትቱ። ነጥብ ባነሰ ቁጥር ኩርባው ይለሰልሳል፤ አንድ ሙሉ ክብ በአራት ነጥብ እንደሚሠራ አስታውሰው ለአንድ የጀበና አንገት ሃያ ነጥብ ካወጡ ያጥፉና እንደገና ይጀምሩ።

ጽሑፉን ግን አይሳሉት፤ ይጻፉት። የአርማው ፎንት ከታወቀ በዚያው ፎንት፣ ካልታወቀ በጣም በሚቀርበው ጽፈው በምስሉ ላይ በመደረብ ያስተያዩት፤ ከዚያ በእጅ የተለወጠች ፊደል ካለች እርሷን ብቻ ያስተካክሉ። በዚህ ጊዜ ቃሉን ከባለቤቱ በቃል አረጋግጡ የምለው የምስሉ ቀለበት ተደፍኖ ሊሆን ስለሚችል ነው፤ ከተበላሸ ምስል ላይ «ቢ» የመሰለውን «ቢ» ብሎ መጻፍ ስሕተቱን ለዘለቄታው በጥራት ማስፈር ይሆናል።

ወደ ማተሚያ ቤት ከመላክዎ በፊት

በቬክተር ፋይል ውስጥ ያለ ጽሑፍ ቅርጹን የሚያገኘው በኮምፒውተሩ ላይ ከተጫነው ፎንት ነው። ማተሚያ ቤቱ ፎንቱ ከሌለው ሌላ ፎንት ይተካል፤ መስመሩ ይረዝማል ወይም ያጥራል። የአማርኛ ጽሑፍ በዚህ ረገድ የከፋ ታሪክ አለው። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በሦስተኛው ዕትም ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ ፎንቶች ፊደሎቻችንን ለላቲን በተመደቡ ቦታዎች ላይ ያስቀምጡ ስለነበር ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ጽሑፉ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ይወጣል። በእነዚያ ፎንቶች የተጻፉ ሥራዎች ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ አሉ። ስለዚህ ከመላክዎ በፊት ጽሑፉን ወደ ቅርጽ ይለውጡት፤ በኢሉስትሬተር ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኦ፤ በኮረልድሮው ኮንትሮልና ኪው፤ በኢንክስኬፕ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ሲ ይህን ይሠራሉ። ከተለወጠ በኋላ ጽሑፉ ሊታረም ስለማይችል ሊታረም የሚችለውን ቅጂ በሌላ ስም አስቀምጠው ነው ይህን የሚያደርጉት፤ የስልክ ቁጥር ሲለወጥ ያቺ ቅጂ ታስፈልጋለች።

ፋይሉን በቴሌግራም ሲልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩት። እንደ ፎቶ የተላከ ምስል በመንገድ ላይ ያንሳል፣ በጄፒጂ ይጨመቃል፣ ግልጽ የነበረው ዳራም ይጠፋል፤ አርማዎቻችን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወሩ የሚጎዱት በብዛት በዚህ መንገድ ነው። ለደንበኛ አርማ ሲያስረክቡም አንድ ምስል ብቻ አይስጡ፤ የፕሮግራሙን ዋና ፋይል፣ ጽሑፉ ወደ ቅርጽ የተለወጠበትን ፒዲኤፍና ኤስቪጂ፣ እንዲሁም ዳራ የሌለው ትልቅ ፒኤንጂ በአንድ አቃፊ አድርገው ይስጡና የትኛው ለምን እንደሆነ በአማርኛ ጽፈው ያኑሩበት።

ባነር ከማሳተም በፊት የማላልፈው አንድ ፍተሻ አለ። ከባነሩ ላይ እጅግ ጥቃቅን ዝርዝር ያለበትን ቦታ እመርጥና የኤ4 ስፋት ያህሉን በትክክለኛ መጠኑ ቆርጬ አወጣለሁ፤ በቢሮ ማተሚያም ከወረቀቱ ጋር እንዲጣጣም ሳይሆን በመቶ ከመቶ መጠኑ አትመዋለሁ። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፌ ሰው በሚያነብበት ርቀት ላይ እቆማለሁ። በመጀመሪያ የማየው የኃምሱን ቀለበት ነው፤ ቀዳዳው ተከፍቶ ከታየ ፋይሉን ለማተሚያ ቤቱ እልካለሁ፣ ካልታየ ወደ ምንጩ እመለሳለሁ።